ጠያቂ ያለው ልጅ

በአማርኛችን «መጠየቅ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። የታመመ ወዳጃችንን ለማየት ስንሄድ «ልጠይቀው ነው» እንላለን፤ ያልገባን ነገር ሲኖርም «ልጠይቅ» ብለን እጃችንን እናወጣለን። ስንቅ ቋጥሮ ወደ ማረሚያ ቤት የሚሄድ ሰው ጠያቂ ይባላል፤ «ይህ ሒሳብ ለምን ጎደለ?» የሚልም ጠያቂ ነው። ብቻውን ለቀረ ሰው ስናዝን ደግሞ «ምስኪን፣ ጠያቂ እንኳ የለውም» እንላለን።

የያዕቆብ መልእክት ንጹሕ አምልኮ ምን እንደ ሆነ ሲናገር (1፥27) ወላጅ የሌላቸውን ልጆች በመከራቸው መጠየቅን ያነሣል። ያዕቆብ ሊለን የፈለገው ሄዶ ማየትን፣ መንከባከብን፣ መከራን አብሮ መሸከምን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ሆኖም የአማርኛው ቃል ሁለተኛ ትርጉሙንም አንጠልጥሎ ስለሚመጣ ዛሬ ልናነሣው ለፈለግነው ነገር በጣም ይመቸናል። በየአጥቢያችን ሥር፣ ወይም በአማኞች ተነሣሽነት የተቋቋሙ ብዙ የሕፃናት ድጋፍ ድርጅቶች አሉ። በቅዳሜ ጠዋት ስንት የቤተ ክርስቲያን ግቢ በልጆች ድምፅ እንደሚሞላ እናውቃለን። ከእነዚህ ድርጅቶች በላይ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ የቦርድ አባላት አሉ። ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ሽማግሌዎች፣ ነጋዴዎች፣ መምህራን፣ ሐኪሞች፣ የእሑድ ትምህርት ቤት እናቶች።

እኛ የምናምነው ይህን ነው። የሕፃናት ድርጅት ቦርድ ማለት ለልጆቹ የቆመ ጠያቂ ነው፤ በሁለቱም ትርጉም። ሄዶ ይጠይቃቸዋል፤ ስለ እነርሱም ይጠይቃል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ቦርዱ ያለው በማኅተሙ ላይ ብቻ ነው።

ስምዎን ብቻ ይስጡን

አንድ ሰው ወደ ቦርድ የሚገባበት መንገድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ድርጅቱ ሊመዘገብ ነው፤ የቦርድ አባላት ዝርዝር ያስፈልጋል። መልካም ስም ያለው ሰው ይፈለጋል። ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ያገኙትና «ስምዎን ብቻ ይስጡን፤ ሌላውን እኛ እንሠራዋለን» ይሉታል። ሰውየውም የጌታ ሥራ ነውና እንቢ ማለት ይከብደዋል፤ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ይጠራል፤ ሻይ ይጠጣል፤ ይጸልያል፤ ይፈርማል።

ወገኖች፣ «ስምዎን ብቻ ይስጡን» የሚለው ቃል ሊያስደነግጠን ይገባል። ሕጉ የሚፈልገው ስም አይደለም። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በቦርድ የሚመራ ድርጅት የበላይ አካሉ ቦርዱ ነው። ሥራ አስኪያጁ የሚሾመውና የሚጠየቀው በቦርዱ ፊት ነው። ስሙን ብቻ የሰጠ ሰው ያላየውን ነገር አየሁ ብሎ ለመንግሥት፣ ለረጂዎችና ለልጆቹ ምስክር ሆኖ ፈርሟል ማለት ነው።

«እኔ እኮ በጎ ፈቃደኛ ነኝ፤ ጊዜ ባገኝ እሠራለሁ፤ ባላገኝ ማንም አይወቅሰኝም» የሚል አስተሳሰብም አለ። በጎ ፈቃድ ግን መግቢያው በር ላይ ያለ ነገር ነው። ከመግባታችን በፊት እንቢ ማለት እንችላለን፤ ማንም አይፈርድብንም። ከገባን በኋላ ግን በእጃችን ያለው አደራ ነው። በአገራችን ደግሞ «አደራ በላ» ከመባል የከፋ ስድብ የለም። ደመወዝ የለውም ማለት ተጠያቂነት የለውም ማለት አይደለም። ጠያቂ የሆነ ሁሉ ተጠያቂም ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 34 የሚያሰማን ይህንኑ ነው፤ ጌታ መንጋውን ከእረኞቹ እጅ ይፈልጋል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል ሁላችንም ሰምተን አድገናል። የክርስቶስ መንገድ ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ስለ ቀኝና ስለ ግራ ወንበር ሲከራከሩ ጌታ የነገራቸው ታላቅ መሆን የሚወድ አገልጋይ እንዲሆን ነው (ማርቆስ 10)። የቦርድ ወንበርም ወንበር ነውና ይኸው ቃል ይመለከተዋል። የሚቀመጡበት ለክብር ከሆነ ልጆቹ ምንም አያተርፉም።

ይሉኝታ ያፈነው ጥያቄ

ብዙ ቦርዶችን የሚያዳክማቸው ክፋት አይመስለንም፤ ይሉኝታ ነው። ስብሰባው በጸሎት ይከፈታል። ሥራ አስኪያጁ ረጅም ሪፖርት ያነባል። በመጨረሻ፣ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ማየት ሲጀምር፣ የሒሳብ ወረቀቱ በጠረጴዛው ላይ ይታደላል። አንዱ አባል ቁጥሮቹን ያይና የማይገባው ነገር ያገኛል። አፉን ሊከፍት ሲል ግን በልቡ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ ይህን ሁሉ ዓመት ለልጆቹ ሲለፉ ኖረው እኔ ዛሬ መጥቼ እንዴት እጠይቃቸዋለሁ? የማላምናቸው ቢመስላቸውስ?» ስለዚህ «በርቱ፤ ጌታ ይባርካችሁ» ይልና ቃለ ጉባኤው ላይ ይፈርማል።

ይሉኝታ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ሰውን ማክበር፣ ለስሜቱ መጠንቀቅ አለበት። ነገር ግን የአዋቂውን ስሜት ለመጠበቅ ሲባል የልጁ ጉዳይ ሳይጠየቅ ከቀረ፣ ይሉኝታው የተከፈለው ከልጁ ኪስ ነው። ልጁ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የለም። ድምፅ የለውም። እርሱን ወክሎ የተቀመጠው ያ ዝም ያለው ሰው ብቻ ነበር።

መፍትሔው ደፋር ሰው መፈለግ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄውን ከሰው ላይ አንሥቶ ሥርዓት ማድረግ ነው። በእያንዳንዱ ስብሰባ ላይ የማይለወጡ ጥያቄዎች ይኑሩ። ሥራ አስኪያጁ ወንድማችን ይሁን እናታችን፣ አዲስ ይሁን ነባር፣ ጥያቄዎቹ አይለወጡም። ያን ጊዜ ማንም «ለምን እኔን?» አይልም። ሪፖርቱና ሒሳቡም ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት በአባላቱ እጅ ይድረስ፤ በስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ወረቀት ሊጠየቅ አይችልም። ቃለ ጉባኤውም ውሳኔውን ብቻ ሳይሆን የተጠየቀውንና የተመለሰውንም ይያዝ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ቅኑን ሥራ አስኪያጅ ነው። ነገ ሐሜት ቢነሣበት «በየሩብ ዓመቱ ተጠይቄ መልሻለሁ» የሚልበት ምስክር አለው።

እምነትም፣ ሚዛንም

«የጌታን ሥራ ኦዲት ማድረግ እምነት ማጣት አይሆንም ወይ?» ብለው በቅንነት የሚጠይቁ ወገኖች አሉ። ለእነርሱ ዕዝራ ምዕራፍ 8ን እንዲያነቡ እንጋብዛለን። ዕዝራ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሊጓዝ ነው። መንገዱ ሽፍታ የሚያደባበት ነው። ነገር ግን የአምላኩ እጅ እንደምትጠብቀው ለንጉሡ ነግሮት ስለ ነበር ወታደር ይሰጠኝ ብሎ መለመን አፈረ። ጾመ፣ ጸለየ፣ ያለ አጃቢ ተነሣ። ከዚህ በላይ እምነት ወዴት አለ?

ያው ዕዝራ፣ በዚያው ምዕራፍ፣ አሥራ ሁለት የካህናት አለቆችን ለየና ብሩንና ወርቁን በፊታቸው መዘነ። ብሩ ብቻ 650 መክሊት ነበር። «እስክታደርሱት ድረስ ጠብቁት፤ እዚያም በሚዛን ታስረክባላችሁ» የሚል አደራ ሰጣቸው። ኢየሩሳሌም በደረሱ በአራተኛው ቀን ሁሉም በቤተ መቅደሱ ተመዘነ፤ ተቆጠረ፤ ክብደቱም ተጻፈ። ተረካቢውም አንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ ሌሎች አብረውት ቆመው ነበር። ወታደር ለመለመን ያፈረው ሰው ካህናቱን በሚዛን ለማስረከብ አላፈረም። በእግዚአብሔር ማመኑና ገንዘቡን መመዘኑ አልተጋጩበትም።

ሐዋርያው ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ስጦታ ሲልክ ቲቶን ብቻውን አልላከውም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ጨመረበት። ምክንያቱንም ይናገራል፦ ስለዚህ ታላቅ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፋቸው፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን ያስባሉ (2ኛ ቆሮንቶስ 8)። የጳውሎስን ቅንነት የሚጠራጠር ከእኛ ማን አለ? እርሱ ግን ቅንነቱን በምስክር አጠረው።

በመካከላችን ስለ ጆርጅ ሙለር የጸሎት ሕይወት ብዙ ይሰበካል። እ.ኤ.አ. በ1836 በእንግሊዝ አገር፣ በብሪስቶል ከተማ፣ በተከራየው ቤት ወላጅ ለሌላቸው ልጆች በሩን የከፈተ፣ በሕይወቱ ዘመን ከ10,000 በላይ ልጆችን ያሳደገ ሰው ነው። ገንዘብ ከሰው አይለምንም ነበር፤ ይጸልይ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ የማይሰበከው ግን ሙለር የገባውንና የወጣውን በጥንቃቄ ይመዘግብ፣ በየዓመቱም ሪፖርት እያሳተመ ለሰው ሁሉ ያሳይ እንደ ነበር ነው። የጸሎቱ መልስ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ይታይ ነበር።

እንግዲህ ቦርዱ ምን ይጠይቅ? የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በባንክ ያለው ገንዘብ በሪፖርቱ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል ወይ? የባንኩን ወረቀት ራሳችን አይተናል ወይ? ቼክ ላይ የሚፈርሙት ስንት ሰዎች ናቸው? የውጭ ኦዲተሩ ሥራ አስኪያጁ በሌለበት ከቦርዱ ጋር ተነጋግሮ ያውቃል ወይ? አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዝዛል፤ የእኛ ስንት ነው? ዕቃ የሚያቀርብልን ነጋዴ የማን ዘመድ ነው? ዘመድነት ካለ ያ አባል ውሳኔው ሲሰጥ ከክፍሉ ይወጣል ወይ?

ማንኛዋም የቤት እመቤት የምታውቀው አንድ ፈተና ደግሞ አለ። የዓመቱን የምግብ ወጪ ወስደን ለልጆቹ ቁጥር፣ ከዚያም ለ365 ቀን እናካፍለው። በሚወጣው ብር አንድ ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ መብላት ይችላል ወይ? ካነሰ ወይ ልጆቹ እየጎደለባቸው ነው ወይ ቁጥሩ ተሳስቷል። ከበዛ ደግሞ ጤፉና ዘይቱ ወዴት እንደ ሄደ መጠየቅ አለበት። ይህን ሒሳብ ለመሥራት ዲግሪ አያስፈልግም፤ ልጅ ያበላ ሰው ይበቃል።

ሽምግልና የማይገባበት ጉዳይ

የገንዘብ ጉድለት ያሳዝናል፤ ገንዘብ ግን ይተካል። ከዚህ በላይ ሊያስፈራን የሚገባው የልጅ ጉዳት ነው። ልጅን ለመጉዳት የሚፈልግ ሰው ልጆች ያሉበትን፣ አዋቂም ያለ ጥያቄ የሚታመንበትን ቦታ ይፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ቦታ ልትሆን ትችላለች። ይህን መናገር ቤተ ክርስቲያንን ማዋረድ አይደለም፤ በሩን መዝጋት ነው።

ስለዚህ ቦርዱ የሕፃናት ጥበቃ መመሪያ በጽሑፍ እንዲኖር ብቻ ሳይሆን በተግባር እንዲታይ ይጠይቅ። ሠራተኛም ሆነ በጎ ፈቃደኛ ከመግባቱ በፊት በቀድሞ ሥራው ያወቁት ሰዎች ተጠይቀዋል ወይ? ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃ አቅርቧል ወይ? አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ በር ብቻውን እንዳይሆን የሚያዝዝ ደንብ አለ ወይ? ይህ ደንብ ፓስተሩንም፣ ከውጭ የመጣውን ረጂም፣ እኛን የቦርድ አባላትንም ይጨምራል። ልጆቹ ችግር ቢደርስባቸው ለማን እንደሚናገሩ ያውቃሉ ወይ? ያ መንገድ በሥራ አስኪያጁ ቢሮ በኩል ብቻ የሚያልፍ ከሆነ መንገድ አይደለም። ቢያንስ አንዲት የቦርድ አባል ልጆቹ የሚያውቋት፣ በቀጥታ ሊያገኟት የሚችሉ ሴት ትሁን።

አቤቱታ ሲመጣስ? እዚህ ላይ ግልጽ ቃል መናገር እንፈልጋለን። ሽምግልና የተከበረ ባህላችን ነው፤ ባልና ሚስትን፣ ጎረቤትና ጎረቤትን፣ ወንድምና ወንድምን አስታርቋል። በሕፃን ላይ የተፈጸመ የወሲብ ጥቃት ግን የሽምግልና ጉዳይ አይደለም፤ ወንጀል ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ካሣ ተቆርጦ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተብሎ የሚዘጋ አይደለም። ልጁ ወዲያውኑ ከአደጋው ይራቅ፤ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ጉዳዩ ለፖሊስ ይነገር፤ የተጠረጠረውም ሰው እስኪጣራ ድረስ ከልጆች ይለይ። ቦርዱ መርማሪ አይደለም፤ ሥራው ነገሩ ሳይዳፈን ለሚመለከተው መድረሱን ማረጋገጥ ነው።

«የጌታ ስም ይሰደባል» የሚል ድምፅ ይነሣል። ጌታ ራሱ ግን በእርሱ ከሚያምኑ ታናናሾች አንዱን ስለሚያሰናክል ሰው ሲናገር (ማቴዎስ 18) ስለ ወፍጮ ድንጋይና ስለ ባሕር ጥልቀት ነው የተናገረው። ስሙን የሚያስነቅፈው የተነገረው ኃጢአት ሳይሆን የተሸፈነው ነው። «ይቅር ልንለው ይገባል» የሚልም ይኖራል። ንስሐ ለሚገባ ሁሉ የእግዚአብሔር ምሕረት ክፍት ነው፤ ይህን ወንጌል እንሰብካለን። ነገር ግን ይቅርታ ማድረግና የልጆችን መኝታ ቤት ቁልፍ መመለስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ልጁ እዚህ ለምን መጣ?

በ1977ቱ ድርቅና ረሃብ ጊዜ ብዙ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ተከፍተው ነፍስ አድነዋል። ላደረጉት ጌታ ይመስገን። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ትምህርት ተገኝቷል። ልጅ በቤተሰብ ውስጥ ቢያድግ ይሻላል፤ ማሳደጊያ የመጨረሻው አማራጭ ነው። የአገራችን የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው፣ ይህንኑ ይከተላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት መሆን እንደሌለበት ይናገራል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 የውጭ አገር ጉዲፈቻ ቆሟል። ይህ ማለት የእነዚህ ልጆች ነገር ከመቼውም ይልቅ የእኛ የራሳችን ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው። «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ሕዝብ ባህል የመጣ ነው፤ የሌላውን ልጅ እንደ ራስ ልጅ አድርጎ ማሳደግ ለዚህ ምድር እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ቦርዱ ይጠይቅ። ከልጆቻችን ስንቶቹ እናት፣ አያት ወይም አክስት አላቸው? አያቲቱ ልጁን የሰጠችን ስለማትወደው ነው ወይስ የቤት ኪራይና ዩኒፎርም ስላቃታት? በአልጋ ላይ የምናወጣውን ገንዘብ ለእርስዋ ብንሰጣት ልጁ ቤቱ ሊኖር አይችልም ነበር ወይ? በዚህ ዓመት ስንት ልጆች ወደ ቤተሰብ ተመለሱ? ከተመለሱ በኋላስ ማን ሄዶ ጠየቃቸው?

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም እርዳታው የሚመጣው በልጆች ቁጥር ከሆነ ባዶ አልጋ ኪሳራ ይመስላል። ሳናውቀው የልጁን በማሳደጊያ መቆየት መፈለግ እንጀምራለን። መዝሙረኛው የሚያውቀው አምላክ ግን ብቸኞችን ቤት የሚያስገባ አምላክ ነው። አንድ ልጅ ወደ አያቱ ቤት ስለ ሄደ ባዶ የቀረ አልጋ ለቦርዱ የምስጋና ርእስ መሆን አለበት።

ልጆቹን ሄዶ ማየትም የቦርዱ ሥራ ነው፤ እንደ ልዑካን ግን አይሁን። ስንመጣ ልጆቹ ተሰልፈው እንዲዘምሩልን አናድርግ። የቤቱን ሰዎች አስቀድመን ሳናስጨንቅ በምሳ ሰዓት እንሂድ፤ ልጆቹ የሚበሉትን አብረን እንብላ፤ መጸዳጃ ቤቱን እንይ፤ ከሞግዚቶቹ ጋር ቁጭ ብለን ደመወዛቸው በሰዓቱ ይደርስ እንደ ሆነ እንስማ። ልጅን «እናትህ እንዴት ሞተች?» ብለን በሰው ፊት አንጠይቀው። እንባውን ፎቶ አንሥተን ለረጂ አንላክ። ልጁ ነገ ያድጋል፤ ያን ፎቶ ያየዋል።

ራእዩ የማን ነው?

ብዙዎቹ ድርጅቶች የተወለዱት በአንድ ሰው እንባ ነው። አንዲት እህት በመንገድ ላይ ልጆች አየች፤ አላስችል አላት፤ በሳሎንዋ ጀመረች። እንዲህ ያሉ ሰዎችን እናከብራቸዋለን። ነገር ግን ሥራው ሲያድግ «ራእዩ የእኔ ነው» የሚል ቃል መሰማት ሲጀምርና ቦርዱ በባል፣ በእህትና በጓደኛ ሲሞላ አደጋ አለ። ራእይ ሰጪው ጌታ ነው፤ ልጆቹም የጌታ ናቸው። መሥራቹ ሲታመም ወይም ሲሞት ልጆቹ ሁለተኛ ጊዜ ወላጅ አልባ እንዳይሆኑ፣ ተተኪ የማዘጋጀቱ ነገር ዛሬ በቦርዱ አጀንዳ ላይ ይግባ። የአባላቱም የአገልግሎት ዘመን ገደብ ይኑረው።

በሌላ በኩል ቦርዱ ሥራ አስኪያጁን ተክቶ መሥራት የለበትም። ሽንኩርት ከየት ተገዛ ብሎ በየቀኑ የሚደውል ቦርድ ጠያቂ ሳይሆን አዋኪ ነው። አቅጣጫውን ይወስን፣ በጀቱን ያጽድቅ፣ ይከታተል፤ ሥራውን ለሠራተኞቹ ይተው። ዮቶር ሙሴን «ብቻህን አትችለውም» ያለው (ዘጸአት 18) አማቹን ከድካም ሊያድነው ነበር። ጥሩ ቦርድም ሥራ አስኪያጁን «ዕረፍት ወስደሃል ወይ? ቤተሰብህ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። እርሱም ጠያቂ ያስፈልገዋልና።

ማን ይግባ?

በሐዋርያት ሥራ 6 የምናነበው የመጀመሪያው የእርዳታ አስተዳደር የተወለደው ከአቤቱታ ነው። የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩ አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለታዊው አገልግሎት ችላ ተባሉ ብለው አንጎራጎሩ። ሐዋርያት «ለምን ታጉረመርማላችሁ?» ብለው አልዘጓቸውም፤ ጉባኤውን ሰብስበው ሰባት ሰዎች አስመረጡ። መስፈርቱም መልካም ምስክርነት፣ በመንፈስ መሞላትና ጥበብ ነበር። ሀብትና ዝና ከመስፈርቱ ውስጥ አልነበሩም።

ዛሬም ስንመርጥ አንድ የሒሳብ ሰው፣ አንድ የሕግ ሰው፣ አንድ የጤና ወይም የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ የአካባቢውን ቤተሰቦች የምታውቅ አንዲት እናት፣ ከተቻለም በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ አንድ ጎልማሳ እንፈልግ። የመጨረሻው ሰው ሌሎቻችን በሪፖርት ልናገኘው የማንችለውን ያውቃል። የምንጠይቀውንም ሰው «ስምዎን ብቻ» አንበለው። «በየሩብ ዓመቱ ግማሽ ቀን፣ ወረቀት ለማንበብ አንድ ምሽት፣ በዓመት ጥቂት ጉብኝት፣ ችግር ሲመጣ ደግሞ እንቅልፍ ማጣት አለበት» ብለን እንንገረው። እንቢ ካለ በፍቅር እንሸኘው። ባዶ ወንበር ዝም ከሚል አባል ይሻላል።

በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖችም ይህ ጉዳይ ይመለከታችኋል። ከዋሽንግተን እስከ ስቶክሆልም ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ለልጆች ገንዘብ ይሰበሰባል። ከቤይሩትና ከዱባይ በሰው ቤት ሠርተው ከላባቸው የሚልኩ እህቶች አሉ። በአሜሪካ ብዙዎቹ ከግብር ነጻ የሆኑ በጎ አድራጎት ድርጅቶች በየዓመቱ ለመንግሥት የሚያቀርቡት ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ አንብቡት። ያ ሪፖርት ግን በአብዛኛው ገንዘቡ ከዚያ መውጣቱን ያሳያል። እዚህ ምን እንደ ሠራ ለማወቅ በአገር ቤት ያለውን ቦርድ ጠይቁ፦ «እነማን ናችሁ? መቼ ተሰበሰባችሁ? የመጨረሻው የኦዲት ሪፖርት የታለ?» መልስ የሚሰጥ ድርጅት እጁን አበርቱት። በጥያቄው የሚቆጣ ከሆነ ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

ወንጌልን ገና በመመርመር ላይ ላላችሁ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንበል። ክርስቲያኖች በእርዳታ ስም የሠሩትን ጥፋት ሰምታችሁ ልባችሁ ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል። ጥያቄያችሁ ትክክል ነው፤ አትተዉት። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለው አምላክ ራሱ ጠያቂ ነው። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ አዳምን የት እንዳለ ይጠይቀዋል፤ ቀጥሎ ቃየንን ስለ ወንድሙ ይጠይቀዋል። ቃየን የወንድሜ ጠባቂ እኔ ነኝን ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ። አላመለጠም። ይኸው አምላክ ደግሞ በልጁ በኢየሱስ በኩል ወደ እኛ መጥቶ ጠየቀን፤ በመከራችን ጎበኘን። ሁለቱም በእርሱ ዘንድ ፍቅር ናቸው።

የቦርድ አባላት የሆናችሁ ወገኖች፣ የሚቀጥለው ስብሰባችሁ መቼ ነው? ቀኑ ካልታወቀ ዛሬ ደውላችሁ አስቆርጡ። ከታወቀ ደግሞ ወረቀቱ አስቀድሞ እንዲላክላችሁ ጠይቁ፤ አንብቡት፤ ያልገባችሁን በእርሳስ አስምሩበት። ከዚያ በፊት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሄዳችሁ ከልጆቹ ጋር ብሉ። ስብሰባው ላይ ስትቀመጡም ከልጆቹ የአንዱን ፊት በዓይነ ኅሊናችሁ ያዙ፤ ያሰመራችሁበትንም ጠይቁ።

ጌታ የታመነ ልብና የማያፍር አፍ ይስጠን። ጸጋ ይብዛላችሁ።